ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ቤተ መጻሕፍቱ ለምን አይነሣም?

(ይህ ጽሑፍ በካምፓችን የማኅበረሰብ አዳራሽ ለኮምፒዩተር ክፍል ረዳቶች፣ ለተማሪዎችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር ነው። ተናጋሪው በካምፑ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። የኮምፒዩተሩ ትእዛዞች እዚህ የታተሙት እንደሚነበቡት በራሳችን ፊደል ነው፤ በላቲን ፊደል የተጻፉበት ወረቀት በኮምፒዩተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። — አዘጋጆቹ)



የንግግሩ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ «ይህ የወጣቶች ጉዳይ ነው» ብለው ሊቀሩ የነበሩ ወላጆች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ነገር ግን የትምህርት ቤታችን የቤተ መጻሕፍት ሰርቨር ለሦስት ሳምንት በተዘጋ ጊዜ የፎርም ፎር ተፈታኞች መጽሐፍ ፍለጋ በየብሎኩ ሲዞሩ ያያችሁት እናንተው ናችሁ። አንድ የባዮሎጂ መጽሐፍ ለብዙ ልጆች በሚዳረስበት ቦታ ያ ሰርቨር እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ለምን እንደተዘጋ፣ እንዴት እንደተከፈተ፣ ዳግመኛ ቢዘጋም ማን ምን ማድረግ እንደሚችል ነው።

ሰርቨሩ ምን እንደሆነ ለማታውቁ ባጭሩ ልግለጽ። በመምህራን ክፍል ጥግ የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒዩተር ነው፤ የሚሠራውም ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው። በውስጡ ኪዊክስ የሚባል ፕሮግራም አለ። ይህ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረ ሲሆን፣ ዊኪፒዲያን የመሰሉ ትልልቅ የዕውቀት መዝገቦችን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት በላይ ቦታ ስለሚይዝ በውጭ በሚሰካ ዲስክ ላይ ተቀምጧል። የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች ብቻ ስላሉት በትንሽ ፍላሽ ይያዛል፤ ይህ ራሱን የቻለ ሌላ መነጋገሪያ ስለሆነ ለሌላ ቀን ልተወው። ተማሪው በስልኩ ወይም በክፍሉ ኮምፒዩተር በትምህርት ቤቱ ዋይፋይ ገብቶ ያነባል። ካርድ መሙላት አያስፈልገውም።

ሊኑክስን የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ሲሆን ያን ጊዜ ዕድሜው 21 ዓመት ነበር። ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1991፣ በእኛ አቆጣጠር 1983፣ ማለት በአገራችን መንግሥት የተለወጠበት ዓመት ነው። ሥርዓቱ በነፃ የሚገኝና የውስጥ አሠራሩ ለማንም ክፍት ነው። ፈቃድ አይገዛበትም፤ በአሮጌ ማሽን ላይም ይሠራል። ሲበላሽ ደግሞ ምን እንደሆነ ራሱ ይናገራል፤ የሚናገረውን የሚያነብ ሰው ከተገኘ ማለቴ ነው።

ከስክሪኑ ጀርባ የሚሠሩት

በኮምፒዩተር ላይ ያሉ ፕሮግራሞች ሁለት ዓይነት ናቸው ማለት ይቻላል። አንደኛው ፊት ለፊት የምናየው፣ ስንፈልግ ከፍተን ስንጨርስ የምንዘጋው ነው፤ ለምሳሌ ደብዳቤ የምንጽፍበት። ሁለተኛው ከስክሪኑ ጀርባ ሆኖ ማንም ሳያየው ጥያቄ እስኪመጣለት ድረስ የሚጠብቅ ነው። ኪዊክስ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው። እንዲህ ያለውን ፕሮግራም በእንግሊዝኛ ዲመን ይሉታል። አንድ እናት ልጃቸው ይህን ቃል እቤት ሲጠራ ሰምተው «መምህር፣ ይህ ማሽን ጠበል ያስፈልገዋል እንዴ?» ብለው ጠይቀውኛል። አያስፈልገውም። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1963 መጠቀም የጀመሩት በአሜሪካ በኤም አይ ቲ ይሠሩ የነበሩ የኮምፒዩተር ሰዎች ናቸው። እነርሱም የወሰዱት ጄምስ ክላርክ ማክስዌል የተባለው የስኮትላንድ የፊዚክስ ሊቅ በ1867 በሐሳቡ ከፈጠረው ትንሽ በረኛ ነው፤ ይህ በረኛ ፈጣኑን የአየር ቅንጣት ከዘገምተኛው እየለየ ሲያሳልፍ የሚውል፣ ከሥራው የማያርፍ ፍጡር ነው። ስሙ ክፉ ቢሆንም ሥራው የሎሌ ሥራ ነው። እኔ ከእንግዲህ «አገልግሎት» እያልሁ እጠራዋለሁ።

ኮምፒዩተሩ ሲበራ መጀመሪያ ኬርነል የሚባለው የሥርዓቱ እምብርት ይነሣል። ኬርነሉ የማሽኑን ዕቃዎች ለይቶ ካወቀ በኋላ አንድ ፕሮግራም ብቻ ይቀሰቅሳል፤ የዚህ ፕሮግራም መለያ ቁጥር ሁልጊዜ 1 ነው። ቁጥር 1 ደግሞ በተራው ሌሎቹን ይቀሰቅሳል። የትምህርት ቤቱን ዘበኛ አስቡት። ማለዳ ቁልፉን ይዞ መጥቶ በመጀመሪያ የግቢውን በር፣ ከዚያ ቢሮውን፣ ከዚያ ክፍሎቹን ይከፍታል። የትኛውን በር በምን ተራ እንደሚከፍት የሚያውቀው ከተሰጠው ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ ያልተጻፈውን በር አይከፍትም። ተጽፎ ሳለ ቁልፉ እምቢ ካለው ግን ሞክሮ መቅረቱን በመዝገቡ ላይ አስፍሮ ወደ ሌላው ያልፋል።

በቀድሞው አሠራር ወረቀቱ ስክሪፕት ነበር፤ ይኸውም ተራ በተራ የሚፈጸሙ ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል ነው። ተራው የሚታወቀው በስሙ ላይ በሚደረግ ቁጥር ሲሆን 20 ቁጥር ከ80 ቁጥር ይቀድማል። አንዱ ካልጨረሰ ሌላው ይጠብቃል፤ እንደ ቧንቧው ወረፋ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሌናርት ፖተሪንግና ኬይ ሲቨርስ የተባሉ ባለሙያዎች ሲስተምዲ የሚባለውን አዲስ ቁጥር 1 አቀረቡ። ፌዶራ በ2011፣ ዴቢያንና ኡቡንቱ በ2015 ዋና አድርገው ተቀበሉት። ሲስተምዲ ብዙውን ሥራ በአንድ ጊዜ ያስጀምራል። በዚህም ማሽኑ ቶሎ ይነሣል፤ ነገር ግን «እገሌ ከእገሌ በኋላ» ተብሎ ካልተጻፈለት ማን ቀድሞ እንደሚደርስ ዋስትና የለም። በዚህ ለውጥ ብዙ ባለሙያ ተከራክሯል፤ ዛሬም የሚያጉረመርሙ አሉ። እኔ ግን እንደ እኛ ላለ ቦታ አንድ ትልቅ ጥቅም አይበታለሁ። በእያንዳንዱ አገልግሎት ላይ የደረሰውን በአንድ ቦታ መዝግቦ ይይዛል።

አጥፍቶ ከማብራት በፊት

ቤተ መጻሕፍቱ አልከፈት ሲል ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናደርገው ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት ነው። አንዳንድ ጊዜ ይሠራል። በሠራ ጊዜም ቢሆን ለምን እንደሠራ አናውቅም። ከዚህ የባሰም ነገር አለ። በአንዳንድ ማሽኖች ላይ መዝገቡ የሚቀመጠው በዲስክ ላይ ሳይሆን በጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ብቻ ስለሆነ፣ ማሽኑን ስታጠፉት የወደቀበትን ምክንያት የሚናገረውንም ጽሑፍ አብራችሁ ታጠፉታላችሁ። ስለዚህ በመጀመሪያ መጠየቅ፣ ከዚያ መንካት።

መጠየቂያው ትእዛዝ ሲስተም ሲቲኤል ስቴተስ ሲሆን ከኋላው የአገልግሎቱ ስም ይጻፋል። መልሱ «ኢንአክቲቭ» ከሆነና ከፍ ብሎ ባለው መስመር «ዲሴብልድ» የሚል ቃል ከታየ፣ ይህ በር በዘበኛው ወረቀት ላይ አልተጻፈም ማለት ነው። ስታርትና ኢኔብል ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች መሆናቸውን ረዳቶች ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ። ስታርት «አሁን ጀምር» ማለት ነው፤ ኢኔብል ግን «ማሽኑ በተነሣ ቁጥር አስጀምር» ማለት ነው። አንድ ሰው ስታርት ብሎ፣ ሠርቶለት፣ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ማታ ጄኔሬተሩ ሲጠፋ ያ ሁሉ ይቀራል፤ በማግስቱም «ትናንት ይሠራ ነበር» ይባላል።

መልሱ «ፌይልድ» ከሆነ ሞክሮ ወድቋል። ምክንያቱን ለማንበብ ጆርናል ሲቲኤል ይታዘዛል፤ ከኋላው ሰረዝ ዩና የአገልግሎቱ ስም፣ ቀጥሎም ሰረዝ ቢ ይጨመራል። ሰረዝ ቢ «ማሽኑ አሁን ከተነሣ ወዲህ ያለውን ብቻ አሳየኝ» ማለት ነው። በቀንና በሰዓት ከመፈለግ ይልቅ ይህን የምመርጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በአሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ ሰዓቱን የምትጠብቀው ክብ ባትሪ ካለቀች፣ ኃይል በተቋረጠ ቁጥር የማሽኑ ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ራስበሪ ፓይ የሚባሉት ትንንሽ ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹም ጭራሽ ይህ ባትሪ የላቸውም። እንዲህ ሲሆን የዛሬው ውድቀት ባለፈው ወር ቀን ተጽፎ ይገኝና ሰውን ያሳስታል።

መልሱ «አክቲቭ፣ ራኒንግ» ሆኖ ሳለ ተማሪዎቹ «አይከፍትም» ካሉ ደግሞ አገልግሎቱ በሥራው ላይ ነው። ችግሩን በዋይፋዩ፣ በገመዱ ወይም በሚጽፉት አድራሻ ላይ ፈልጉት። በዚህ ጊዜ ስክሪፕት መነካካት የሚሠራውን ማበላሸት ነው።

በመንገዱ መካከል የተጻፈው ስም

አሁን ወደ እኛው ሰርቨር እንምጣ። ለአንድ ዓመት ያህል ሰርቨሩን የሚጠብቀው አንድ ጎበዝ ወጣት ነበር። በየማለዳው ጄኔሬተሩ ሲነሣ መጥቶ ማሽኑን ያበራል፣ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ይጽፋል፣ ከዚያ ወንበሩን ስቦ ሻዩን ይጠጣል። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ይከፈታል። ሌላ ነገር ሲነካ ያየው ሰው የለም። ከዚያም ፕሮሰሱ አልቆለት ወደ ሦስተኛ አገር ሄደ፤ መንገዱን ያቅናለት። በማግስቱ ማሽኑ ተነሣ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ግን አልተነሣም። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። ከረዳቶቹ አንዱ በራሱ ስም ገብቶ ሞከረ፤ ለውጥ የለም። ልጆቹ «ማሽኑ እሱን ለምዶ ነው» ይሉ ጀመር። የቀልድ ቢመስልም ነገሩ ከእውነት ብዙ የራቀ አልነበረም።

ሦስቱ ሳምንታት የባከኑት የዲስኩ ገመድ ሲለወጥ፣ ዲስኩ ሲነቀልና ሲሰካ፣ «ዲስኩ ተቃጥሏልና አዲስ ይገዛልን» የሚል ደብዳቤ ሲጻፍና መልስ ሲጠበቅ ነው። መዝገቡ የተነበበው በመጨረሻ ሲሆን ንባቡ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ስቴተስ ሲጠየቅ «አውቶ ሪስታርት» የሚል መልስ ሰጠ፤ ይኸውም አገልግሎቱ እየወደቀ በየ30 ሴኮንዱ እንደገና ይሞክር ነበር። ጆርናሉ ደግሞ የመጽሐፉን ፋይል ሊከፍት እንዳልቻለ ይናገራል። የፋይሉ መንገድም ተጽፏል፦ መጀመሪያ ሚዲያ፣ ቀጥሎ የሄደው ወጣት የመግቢያ ስም፣ ቀጥሎ የዲስኩ ስም፣ ከዚያ ፋይሉ።

ከሁለት ረዳቶች ጋር እዚያ መስመር ላይ ቆምን። የአንድ ሰው ስም በመንገዱ መካከል ምን ይሠራል?

ነገሩ እንዲህ ነው። በሊኑክስ አንድ ዲስክ መሰካቱና መብራቱ መብረቁ ብቻ አይበቃም፤ ከማኅደሮቹ በአንዱ ላይ መያያዝ፣ እነርሱ እንደሚሉት ማውንት መደረግ አለበት። የውጭ ዲስክ ሲሆን ይህን በራሱ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ የሥዕላዊው ገጽታ ክፍል ነው፤ የሚያደርገውም ሰው ስሙን ጽፎ ከገባ በኋላ፣ በገባው ሰው ስም በተሰየመ ማኅደር ሥር ነው። ወጣቱ ሲገባ ዲስኩ በእሱ ስም ሥር ይያያዛል፤ በየ30 ሴኮንዱ የሚሞክረው አገልግሎትም በሚቀጥለው ሙከራ ፋይሉን ያገኘዋል። ሻዩን እየጠጣ የሚጠብቀው ግማሽ ደቂቃ ይኸው ነበር። ሌላ ሰው በሌላ ስም ሲገባ ግን ዲስኩ በሌላ ስም ሥር ስለሚያያዝ አገልግሎቱ ወደማይገኝ ቦታ ሲመላለስ ይውላል። ዲስኩ ጤነኛ ነበር። ፕሮግራሙም ጤነኛ ነበር። ማሽኑ እውነትም ያንን ልጅ ይጠብቅ ነበር።

መፍትሔው ዲስኩን ከሰው ስም ማላቀቅ ነው። ኤፍ ኤስ ታብ በሚባለው ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ተጨመረ፤ ዲስኩ ማንም ባይገባ እንኳ ማሽኑ ሲነሣ ቋሚ በሆነ ማኅደር ላይ እንዲያያዝ ያዛል። በመስመሩ ላይ ዲስኩ የተጠራው ዩ ዩ አይ ዲ በሚባለው ረጅም መለያው ነው። ኤስ ዲ ኤ፣ ኤስ ዲ ቢ የሚባሉት አጫጭር ስሞች ሌላ ፍላሽ ተሰክቶ ሲገኝ ሊለዋወጡ ስለሚችሉ አይታመኑም። ኖ ፌይል የሚለው ቃልም አብሮ ተጽፏል። ይህች ቃል ከቀረች፣ አንድ ቀን ዲስኩ ሳይሰካ ማሽኑ ቢበራ፣ ሲስተምዲ 90 ሴኮንድ ያህል ጠብቆ ሙሉውን ማሽን በአደጋ ጊዜ ሁኔታ ያቆመዋል። ያን ጊዜ ቤተ መጻሕፍት ብቻ ሳይሆን ምንም ነገር አይኖርም።

ቀጥሎ የአገልግሎቱ ፋይል ተስተካከለ። በዚህ ላይ ረዳቶች የሚያደናግሯቸው ሁለት ቃላት አሉ፤ አፍተርና ሪኳየርስ። አፍተር ተራን ብቻ ይናገራል፤ «ምጣዱ ከጋለ በኋላ ሊጡ ይፍሰስ» እንደማለት ነው። ምጣዱ ጭራሽ እንዲጣድ ግን አያዝም። ሪኳየርስ ደግሞ «ያለ ምጣድ አይሆንም» ይላል እንጂ ስለ ተራው አይናገርም፤ ስለሆነም እርሱ ብቻውን ከተጻፈ እሳቱ ሲለኮስና ሊጡ ሲፈስ እኩል ይሆናል። ለዲስክ ሲሆን ሁለቱንም የሚያጠቃልል ሪኳየርስ ማውንትስ ፎር የሚባል አንድ መስመር አለ፤ ከፊቱ የማኅደሩ መንገድ ይጻፋል። እኛ የተጠቀምነው ይህንኑ ነው። ፋይሉ ከተለወጠ በኋላ ሲስተም ሲቲኤል ዲመን ሪሎድ ማለት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ዘበኛው የሚያነበው አሮጌውን ወረቀት ነው።

ከዚያ ማሽኑ ጠፍቶ እንዲነሣ ታዘዘ፤ ሁላችንም እጃችንን ከኪቦርዱ አንሥተን ቆምን። ፈተናው ይህ ነው። ስም ጽፎ ገብቶ፣ ስታርት ብሎ «ሠራ» ማለት ምንም አያረጋግጥም። ማንም ሳይነካው በሁለት ደቂቃ ውስጥ አንዲት ተማሪ ከውጭ በስልኳ «ተከፈተ!» አለች።

አንድ ነገር ይቀራል። ዲስኩ ማሽኑ ከተነሣ ብዙ ቆይቶ ቢሰካ አገልግሎቱ ተስፋ ቆርጦ ይገኛል፤ ያን ጊዜ በእጅ ስታርት ማለት ያስፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ዲስኩ ይሰካ፣ ከዚያ ማሽኑ ይብራ።

በእጅ ሲሠራ ብቻውን የማይሠራ

ይህ የእኛ ታሪክ ነው። ነገር ግን «እኔ ሳስጀምረው ይሠራል፣ ብቻውን ግን እምቢ ይላል» የሚለው አቤቱታ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሥሩ ግን ከሞላ ጎደል አንድ ነው። እናንተ በተርሚናሉ ፊት ስትቀመጡ ስም አላችሁ፣ የቤት ማኅደር አላችሁ፣ ፕሮግራሞች የሚፈለጉባቸው ቦታዎች ዝርዝር አላችሁ፤ ይህ ዝርዝር ፓዝ ይባላል። ማሽኑ ብቻውን ሲነሣ ያ ሁሉ የለውም። የፓዙ ዝርዝር አጭር ነው፤ በቤት ማኅደራችሁ ያስቀመጣችሁትን ፕሮግራም አያገኘውም። ስለዚህ በአገልግሎት ፋይል ውስጥ መንገዱ ከሥሩ ጀምሮ በሙሉ ይጻፍ። ኤግዜክ ስታርት በሚለው መስመር ላይ ደግሞ በተርሚናል የለመድናቸው የማዞሪያ ምልክቶች፣ ቀስቱና ቋሚ መስመሩ፣ አይሠሩም፤ መስመሩን የሚያነበው ሲስተምዲ እንጂ ሼል አይደለምና።

በስቴተሱ ላይ 203 የሚል ቁጥር ካያችሁ ሲስተምዲ ፋይሉን ጭራሽ ሊያስነሣው አልቻለም ማለት ነው። ወይ መንገዱ ተሳስቷል፣ ወይ ፋይሉ የመፈጸም ፈቃድ አልተሰጠውም፣ ወይም በመጀመሪያው መስመር ላይ በየትኛው ፕሮግራም እንደሚነበብ የሚናገረው ጽሑፍ ጎድሏል። ይህ የመጨረሻው በተለይ ያታልላል፤ በእጅ ሲሆን ሼሉ ራሱ አንብቦ ስለሚያልፈው ጉድለቱ አይታይም። 217 ካለ በፋይሉ ላይ የተጠቀሰው የተጠቃሚ ስም በማሽኑ ላይ የለም፤ 200 ካለ ግባበት የተባለው ማኅደር ሊገኝ አልቻለም። የሄደ ሰው የመግቢያ ስም ከማሽን ላይ ሲሰረዝ እነዚህ ሁለቱ መምጣታቸው የተለመደ ስለሆነ፣ ከመሰረዙ በፊት በዚያ ስም የሚሠራ አገልግሎት አለመኖሩ ይጣራ።

ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያሳብደው ግን የሚከተለው ነው። አንድ ልጅ ስክሪፕቱን በዊንዶውስ ኮምፒዩተር በኖትፓድ ጽፎ በፍላሽ ያመጣል። ፊደል አልሳተም፤ ፈቃዱም ተሰጥቷል። ማሽኑ ግን «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይላል፤ ፋይሉ ፊት ለፊት እየታየ! ምክንያቱ ዊንዶውስ በየመስመሩ መጨረሻ የማይታይ አንድ ተጨማሪ ምልክት ማስቀመጡ ነው። ሊኑክስ ይህን ምልክት የስሙ አካል አድርጎ ያነበዋል፤ ስለዚህ የለም የሚለው የእናንተን ፋይል ሳይሆን በመጀመሪያው መስመር የተጠቀሰውን፣ ጅራት የበቀለበትን ፕሮግራም ነው። ዶስ ቱ ዩኒክስ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ጅራቱን ትቆርጠዋለች። በካምፓችን ፍላሽ ከማሽን ማሽን ስለሚዞር ይህን ደጋግማችሁ ታገኙታላችሁ።

ሌላም አለ። በቀድሞው አሠራር አገልግሎቱ ራሱን ከስክሪን አላቅቆ ወደ ኋላ ይሄድ ነበር። ሲስተምዲ ግን ፕሮግራሙ ፊት ለፊቱ እንዲቆይ ይፈልጋል። ፕሮግራሙ ወደ ኋላ የሚሄድ ሆኖ በፋይሉ ላይ ፎርኪንግ ተብሎ ካልተነገረ፣ ሲስተምዲ «ሥራውን ጨረሰ» ብሎ የቀረውን ልጁን ይዘጋበታል። እኔ የምመክረው ወደ ኋላ መሄጃውን ምርጫ ከመስመሩ አውጥቶ ማስጠበቁን ለሲስተምዲ መተው ነው። እንደዚሁም አንድ አገልግሎት በ10 ሴኮንድ ውስጥ 5 ጊዜ ተነሥቶ ከወደቀ ሲስተምዲ ይተወዋል፤ «በጣም ተደጋገመ» የሚል መልእክትም ይጽፋል። ያ መልእክት ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱ ከእርሱ በላይ ባሉት መስመሮች ላይ ነው። ጥፋቱ ከታረመ በኋላ ሪሴት ፌይልድ የሚለው ትእዛዝ ቆጠራውን ይሰርዘዋል።

በአንዳንድ አሮጌ ማሽኖች ላይ አርሲ ሎካል የሚባል ስክሪፕት ይገኛል፤ ሰዎች የመጣላቸውን ትእዛዝ ሁሉ የሚያጭቁበት። በመጀመሪያው መስመሩ ላይ ሰረዝ ኢ ካለበት አንዲት ትእዛዝ ስትወድቅ ከእርሷ በታች ያሉት ሁሉ ይቀራሉ። የቀድሞዎቹን የኢኒት ዲ ስክሪፕቶች ሲስተምዲ እየተረጎመ ሲያስነሣቸው ቆይቷል፤ ነገር ግን አዘጋጆቹ እ.ኤ.አ. በ2023 ይህ ድጋፍ ወደፊት እንደሚቀር አስታውቀዋል። ጊዜ ያላችሁ ረዳቶች ሁለቱንም ወደ አዲሱ ፋይል ብትለውጧቸው መልካም ነው።

ስለ ፈቃድ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። «ፈቃድ ተከልክሏል» የሚል መልእክት ሲያዩ ለሁሉም ሰው ሁሉንም ፈቃድ መስጠት፣ ወይም አገልግሎቱን በአስተዳዳሪው ሥልጣን ማስነሣት የሚወዱ አሉ። ይሠራል። ግን በመቶ የሚቆጠሩ ስልኮች በሚገቡበት ማሽን ላይ ይህ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ክፍት አድርጎ መሄድ ነው። የትኛው ተጠቃሚ የትኛውን ፋይል ማንበብ እንዳለበት ማጣራት አምስት ደቂቃ ቢወስድ ነው።

ከእንግዲህ የምናደርገው

ከማሽኑ አጠገብ በገመድ የታሰረ ደብተር አለ። ፋይል የሚለውጥ ሁሉ በመጀመሪያ የፋይሉን ቅጂ ያስቀምጥ፤ ቀኑን፣ ምን እንደለወጠና ለምን እንደለወጠ በደብተሩ ላይ ይጻፍ። በአማርኛ፣ በስዋሂሊ፣ በሶማልኛ፣ በዓረብኛ፣ በፈለገው ይጻፍ፤ የሚያነብለት አይጠፋም። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ በጽሕፈት ቤቱ ይቀመጣል፤ ሦስት ረዳቶች ያውቁታል። ከሦስቱ አንዱ ፕሮሰስ ሲጀምርለት አራተኛ ሰው ማሠልጠን ይጀምራል፤ ቪዛው እስኪመታ አይጠበቅም። ወላጆችንም የምጠይቀው አለ። ሴቶች ልጆቻችሁ ለዚህ ሥራ ሲመረጡ «ውኃ ማን ይቀዳል?» ብላችሁ አታስቀሯቸው። ባለፈው ጊዜ ከሁለቱ ረዳቶች በመንገዱ መካከል ያለውን ስም መጀመሪያ ያየችው ልጅ ናት።

በሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት በኮምፒዩተር ክፍሉ በተግባር እንሠራለን። ለልምምድ በተቀመጠችው ትንሽ ማሽን ላይ ሦስት አገልግሎቶችን ሆን ብዬ አበላሽቼ እጠብቃችኋለሁ፤ አንደኛው በኖትፓድ የተጻፈ መሆኑን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ደብተርና እርሳስ ያዙ። የቤተ መጻሕፍቱን ዲስክ ግን ማንም አይነካም፤ ልጆቹ እያነበቡበት ነው።